ላይ፣ ምድር ወይስ ውስጥ?

በቤታችን ውሃ የሚወርደው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከቧንቧው በላይ ካለው ግድግዳ አንዲት ሴት እጅግ በታረመ ድምፅ፣ «እንደምን አደሩ አቶ ያፌት። ላይ፣ ምድር ወይስ ውስጥ?» ትላለች። እኔ «ውስጥ» እላለሁ። እርሷም «ሐሳብዎ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ትልና ውሃው ይለቀቃል።

ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ፊቴን ሳልታጠብ ተናግሬአለሁ። ከአሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። አንድም ቀን አልለወጥሁትም። በሕጉ መሠረት አንድ ቤት አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው የሚጠየቀው የቤቱ ተጠሪ ነው። ባለቤቴ ማራማዊት ከመኝታ ቤት ሆና አንድ ነገር ትላለች፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ውሃው መውረድ ስለሚጀምር አይሰማኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ምን እንዳለች ጠይቄአት አላውቅም።

ሰፈራችን ጥድ አፋፍ ይባላል፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አለው። በከተማው ካርታ ላይ ነጭ ሆነው ከቀሩት ሦስት ሰፈሮች አንዱ ነው። ነጭ ማለት ያልመረጠ ማለት ነው። የከተማው አስተዳደር ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ባቡሩ በየትኛው ሰፈር ከላይ በድልድይ፣ በየትኛው በምድር፣ በየትኛው በውስጥ ለውስጥ ይሂድ የሚለውን ራሱ መወሰን ሰለቸው፤ ወይም መወቀሱ መረረው። ውሳኔውን ለነዋሪው ሰጠ። ኋላ አቤት ባይ እንዳይኖር ደግሞ፣ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን አንድ ቤት ሳይቀር ተስማምቶ እንዲሆን ደነገገ። ያልመረጠ ሰፈር ባቡር የለውም። አውቶቡሶቹም፣ ባቡሩ ሊመጣ ነው ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ተነሡ።

እኔ አርባ ዓመት የዚህን ከተማ መሬት የቀየስሁ ሰው ነኝ። መሬት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው። ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል።

ጳጉሜን አራት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ረቡዕ፣ እንደ ልማዳችን ማለዳ ወጣን። ማራማዊት ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ኩላሊቷ ሥራውን ካቆመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሟ ይታጠባል። የእጥበቱ ማእከል ከከተማው መሐል ስለሆነ፣ እርሷን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሦስት ኪሎ ሜትር እየገፋሁ ጎረቤት ሰፈር፣ ወይራ ማዶ፣ ጣቢያው ድረስ እወስዳታለሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ጎማዎቹ ጭቃ ጠጡ። ሁለት ጊዜ ቆሜ በእንጨት ጠረግኋቸው።

«ትንፋሽህ ተቆራረጠ» አለችኝ።

«አልተቆራረጠም።»

«እሺ፤ አልተቆራረጠም» አለች ማራማዊት።

ወይራ ማዶ ላይን የመረጠ ሰፈር ነው። ያልመረጠ ሰፈር ሰው በሌላው ሰፈር ባቡር የሚሳፈረው በእንግድነት ነው። እንግዳ ደግሞ አስተናጋጅ ያስፈልገዋል። አስተናጋጁ የዚያ ሰፈር ነዋሪ ሆኖ፣ በሩ ላይ በአካል ቆሞ፣ ቀኝ እጁን በእንግዳው ትከሻ ላይ አሳርፎ ቃሉን መስጠት አለበት። እኛን በሳምንት ሦስት ቀን የምታስተናግደን ወይዘሮ ሃሴት የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መርፌ የተሰካበት መጎናጸፊያዋን ሳታወልቅ ትመጣለች።

«ዛሬ ዘገያችሁ፣ ጋሼ። እኔማ መረጡና ረሱኝ ብዬ ነበር።»

«ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ» አልኋት።

«እሱማ መቼም አለ» አለችና ሳቀች። «እኛ ሰፈር በሁለተኛው ስብሰባ ጨረስን። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሽማግሌ አልነበረንም።»

ማራማዊት አብራት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሃሴት እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና፣ «እንግዶቼ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ፤ ለጠባያቸውም እኔ እጠየቃለሁ» አለች። በሩ፣ «እንግዳ ሁለት። በባለቤቶቹ ስም እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ተከፈተ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ይህ ጣቢያ የቆመበትን መሬት ከፍታ በገዛ እጄ የለካሁት ሰው፣ ለጠባዬ ዋስ ቆሞልኝ ገባሁ። የእንግዳ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው፤ ከተማውን የምናየው ካለፍነው በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ግን በበሩ አጠገብ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ ያልመረጡ ሰፈሮች ነዋሪዎች በእንግድነት መሳፈራቸው ይቀራል። ተከታታይ ሕክምና ያላቸው ሕሙማን በማእከሉ ማደሪያ አልጋ ይሰጣቸዋል። አልጋው ለሕሙማን ብቻ ነው፤ ቤተሰብ በወር አንድ ቀን ይጎበኛል። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አጻጻፉ ላይ አንድ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይህም አበሳጨኝ።

ማእከሉ ደረስን። ማራማዊት ክንዷን ለመርፌው ስትዘረጋ፣ «ያፌት፣ ዛሬ ጨርሱት» አለችኝ። «አምሳ ዓመት ያንተን ማንኮራፋት ለምጄ፣ ከእንግዲህ የማላውቀው ሰው ማንኮራፋት አልለምድም።»

ስብሰባው ሁልጊዜ ረቡዕ ነው፤ እጥበቱም ረቡዕ ነው። ስለዚህ ማራማዊት አራት ዓመት ሙሉ በስብሰባ አልተገኘችም። በስብሰባ ቀን እርሷን ወደ ሰፈር የምትመልሳት ሃሴት ናት። እኔ ብቻዬን ተመለስሁ።

አዳራሹ በስምንት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ከጣራው የተንጠለጠለችው ነጭ ሳጥን፣ አወያይ የምንላት፣ «ወደ ስምንት መቶ ስድስተኛው ውይይት እንኳን ደህና መጣችሁ። አጀንዳው አንድ ነው። ላይ፣ ምድር ወይስ ውስጥ? ውይይቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል» አለች። ለስምንት መቶ አምስት ጊዜ ያለችውን ነው። አትሰለችም፤ አትቆጣም፤ ማንንም አታቋርጥም። ሰው ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት በጥፊ መትቶን በወጣ፣ እኛም በተገላገልን ነበር።

የክርክሩ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ቤት ከብዙ ዓመት በፊት አቋሙን አሳውቆ ጨርሷል፤ «ነገሩ የሦስት ቤት ነው፤ ሦስቱ ይስማሙ፣ እኛ በሰው ቤት አንፈርድም» ብሎ። አወያይም ይህንኑ መዝግባለች። የቀረነው ሦስት ነን።

ባቡሩ ከላይ በድልድይ ከሄደ የወንዙን ዳር ተከትሎ፣ በአቶ ኢዮስያስ ግቢ አናት ላይ ያልፋል። አቶ ኢዮስያስ የመብራት ኀይል ሠራተኛ የነበረ፣ እድሜውን በምሰሶ ላይ ሰው ግቢ ሲመለከት ያሳለፈ ሰው ነው፤ የእርሱ ግቢ ግን እንዲታይ አይፈቅድም። «ቁርሴን ስበላ ሦስት መቶ ሰው በመስኮት ጉርሻ ሊጠብቀኝ ነው?» ይላል። ይህን ሲል ሰምቼ ሰምቼ፣ ከሦስት መቶው ሰው አንዱ መሆን የተመኘሁበት ጊዜ አለ። በወጣትነታችን ባልንጀራዬ ነበር፤ አንተ ነበር የምንባባለው። ከመጀመሪያው ስብሰባ ወዲህ እርስዎ ተባብለናል።

ባቡሩ በውስጥ ከሄደ የቁፋሮው ጉድጓድ የሚወርደው በወይዘሮ ሶልያና ግቢ ነው፤ ቤቷም ይፈርሳል። ወይዘሮ ሶልያና ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እኔ ስለ ውስጥ መልካምነት በተናገርሁ ቁጥር፣ «ጋሽ ያፌት፣ ኧረ ሳልሞት ሊቀብሩኝ ምን አስቸኮለዎ?» ትላለች፤ አዳራሹም ሁልጊዜ፣ እንደ አዲስ፣ ይስቃል።

በምድር ከሄደ ደግሞ ሰፈሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን የምናገረው እንደ ባለሙያ ነው። የሦስቱንም መስመር ንድፍ በእጄ ሥዬ፣ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ አድርጌ፣ በየስብሰባው ይዤ እመጣለሁ። በብዛት የምዘረጋው የውስጡን ነው።

አቶ ኢዮስያስ ተነሣ። ሰዎች እንደ ልማዳቸው ተደላድለው ተቀመጡ፤ ንግግሩ ከሃያ ደቂቃ አያንስም።

«ዛሬ አጭር ነኝ» አለ።

 አጭር ሆኖ አያውቅም።

«ማስታወቂያውን ሁላችሁም አይታችኋል። ወይዘሮ ማራማዊት ከቤቷ ወጥታ ማደሪያ ልትገባ ነው። እኔ ጎረቤቴን በወር አንድ ቀን ሄጄ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ላይ ይሁን። በራሴ ላይ ይለፍ። ሕዝቡም ይየኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን የሚታይ ነገር ቀረኝ?»

ደነገጥሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ነገር፣ ያውም ካልጠበቅሁት ሰው መጣ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ወይዘሮ ሶልያና ብድግ አለች።

«ወግድ! አቶ ኢዮስያስ በስተርጅና ባቡር ሊሸከሙ? በሞቴ፣ ይህስ አይሆንም! ውስጥ ይሁን። ጉድጓዱም ከእኔ ግቢ ይቆፈር።»

«በእኔ ሞት! እትዬ ሶልያና፣ ቤትዎ ፈርሶ የት ሊገቡ ነው?»

«ልጄ ዘንድ።»

«ልጅዎ ያለችው ጅግጅጋ ነው!»

«ጅግጅጋስ ሰው አይኖርበትም እንዴ? ይልቅ ይቀመጡ፤ ደም ግፊትዎ ይነሣል።»

«ይነሣ! የባልቴት ቤት አስፈርሼ ደሜ ቢወርድ ምን ይረባኛል?»

«ባልቴት እናትህ ትሁን!» አለች ወይዘሮ ሶልያና፤ ወዲያውም ደንግጣ፣ «ማለቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

አወያይ ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠችና፣ «ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ላይን ይደግፋል፤ ውስጥን ይቃወማል። ቤት ቁጥር ዘጠና ውስጥን ይደግፋል፤ ላይን ይቃወማል። ስምምነት የለም» አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ትናንት አንዱ የሌላውን መስመር እየደገፈ የራሱን ያባርር ነበር፤ ዛሬ አንዱ የራሱን እየለመነ የሌላውን ያባርራል። ሒሳቡ ያው ነው። በበር ላይ ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ የመታቸው ሰዎች አይቻለሁ፤ ከበሩ ማዶ ግን የሰው ሕይወት ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰዓት ተኩል በዚህ አለፈ። በሞቴ፣ በእኔ ሞት፣ አፈር ስሆን። በዚያ አዳራሽ በአንድ ከሰዓት ያልሞተ አልነበረም።

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ጋሽ ያፌት፣ ምነው ዝም አሉ? አንድ ይበሉን እንጂ!» ሲል ጮኸ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቆምሁ፤ ኮቴን ቆለፍሁ።

«ጊዜ የለንም» አልሁ። «ወይዘሮ ሶልያና በገዛ ፈቃዳቸው ግቢያቸውን ሰጥተዋል። ውስጥ በሙያም ትክክለኛው ምርጫ መሆኑን ሠላሳ አንድ ዓመት ተናግሬአለሁ። ስለዚህ የሰጡትን ተቀብለን እንፈጽም።»

 ወይዘሮ ሶልያና ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ መጠቅለል ጀመረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ግቢዋን የሰጠችው ከልቧ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው እምቢ እንደሚልላት አምና ነው። አቶ ኢዮስያስም እንደዚያው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚሰጠው እምቢ ባይ መኖሩን አምኖ ነው፤ እሺ የሚለው ሰው ግን ምን ይባላል?

አቶ ኢዮስያስ ምን እንደሚባል ነገረኝ። «አያፍሩም? የሴት ቤት ለማፍረስ አፍዎን ከፍተው ነበር እንዴ የቆዩት? ደግ ሰው ተናገረ ተብሎ እንደ ጆንያ ይታፈሳል?»

«አቶ ኢዮስያስ፣ ለባለቤቴ ሕይወት ነው የምናገረው።»

«እርሷ ብትሰማዎት ታፍርብዎ ነበር!»

 መናደዴን ከጌታ አልሰውርም። ሲሰጡ መቀበል ነውር፣ ሲከለክሉ መጠየቅ ነውር፣ ዝም ማለት ነውር። በየትኛው መንገድ ነው ታዲያ ሰው በዚህ አገር አንድ ነገር የሚፈጽመው? «ውስጥ» ብዬ ልድገመው አልሁና ወይዘሮ ሶልያናን አየኋት። ጥለቱን ጠቅልላ ጨርሳ መፍታት ጀምራለች። ተቀመጥሁ።

«ውይይቱ ሊዘጋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል» አለች አወያይ።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ሃሴት ማራማዊትን እየገፋች ገባች። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ማራማዊት ከእጥበት በኋላ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ድምጿም ይወርዳል። ሰዎቹ ተነሥተው መንገድ ለቀቁ። ወንበሯ በእኔና በአቶ ኢዮስያስ መካከል ቆመ።

«አለቀ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መለሱላት። አቶ ኢዮስያስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አስረዳት፤ ወይዘሮ ሶልያና እያቋረጠች አስረዳቻት። ማራማዊት ግራና ቀኝ እያየች እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ምድሩስ?» አለች።

ጥያቄው ለእኔ ነበር። «ምድሩ ሰፈሩን ለሁለት ይከፍለዋል» አልሁ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ለሦስት ተከፍሎ የለም እንዴ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ማራማዊት አልሳቀችም። «ያፌት፣ የምድሩን ንድፍ አውጣና አንብብላቸው። በማን በማን ደጅ እንደሚያልፍ።»

የቆርቆሮውን ቱቦ ከፈትሁ። የምድሩ ንድፍ ከሥር ነው፤ እጥፋቱ ገና እንደ አዲስ ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ፤ የሐሰት ልክ ግን አንብቤ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ መነጽሬን አደረግሁ።

«ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ የዋናውን መንገድ ግራ ጠርዝ ይዞ ሦስት መቶ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ርቀት ላይ ቤት አይነካም። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱ ስለሚታጠፍ፣ ባቡር ግን እንደዚያ መታጠፍ ስለማይችል፣ ከመንገዱ ይወጣል።» ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ወጥቶም ቤት ቁጥር አርባ አንድን ያገኛል። የግቢውን በርና ሳሎኑን ይወስዳል። ከዚያ ወደ መንገዱ ይመለሳል።»

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ቤት የለም።»

«ቤት ቁጥር አርባ አንድ የማን ነው?» ሲል አንድ ሰው ከኋላ ጠየቀ።

«የእኛ» አለች ማራማዊት።

 አቶ ኢዮስያስ ወደ ንድፉ ጎንበስ አለ፤ በጣቱ መስመሩን ተከተለ፤ ሳሎናችን ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ። በዚያ ሳሎን ስንት ዘመን መለወጫ በልቶ ጠጥቷል።

«አንተ ግትር!» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «የሙያ አስተያየት፣ የሙያ አስተያየት እያልህ! እኔ እንኳ ግቢዬን እንዳያዩብኝ ነው ብዬ በግልጥ ተናግሬአለሁ። አንተ ሳሎንህን በንድፍ ጠቅልለህ በቱቦ ትዞራለህ?»

«ሰፈሩን ለሁለት መክፈሉም እውነት ነው» አልሁ። ደግሞም እውነት ነው። ነገር ግን ድምፄ ለራሴም አልጣመኝም።

«ስድስት ደቂቃ» አለች አወያይ።

«ምድር ይሁን» አለች ማራማዊት።

ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አቶ ኢዮስያስ፣ አሁን ግትር ብሎ የሰደበኝ ሰው፣ «በሞቴ!» ብሎ ተነሣ። «የያፌት ሳሎን ፈርሶ እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? በፍጹም! ላይ ይሁን!» ወይዘሮ ሶልያናም፣ «የታመመ ሰው ቤት ይነካል እንዴ? በእኔ ሞት፣ ውስጥ!» አለች። አወያይም ተቃውሞ አንድ፣ ተቃውሞ ሁለት ብላ መመዝገብ ጀመረች። በእጄ የያዝሁትን የቆርቆሮ ቱቦ በጠረጴዛው ላይ መታሁት፤ ማንም አልሰማኝም።

ማራማዊት ግን ድምጿን አላነሣችም። ዝቅ አድርጋ ስለተናገረች ለመስማት ዝም ማለት ግድ ሆነባቸው።

«ሁላችሁም በሞቴ፣ በሞቴ ትላላችሁ» አለች። «ሞት የቆመው በማን ደጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን አየዋለሁ። ስለዚህ በሞት የምትምሉ ከሆነ በእኔው ማሉ፤ እኔም አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው የሰጣችሁን ተቀበሉ።»

ወይዘሮ ሶልያና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ኢዮስያስ መሬት መሬት አየ።

«የቤቱ ድምፅ ግን አንተ ነህ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እኔ በየጠዋቱ ከመኝታ ሆኜ ምድር እላለሁ። ውሃው ይበልጠኛል። አሁን ውሃ የለም፤ በለው።»

ሳሎኑን የሠራሁት በእጄ ነው። መሠረቱን በውሃ ልክ ያስተካከልሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ይህን ለመናገር አሰብሁና ተውሁት።

«ምድር» አልሁ።

«ቤት ቁጥር አርባ አንድ፣ አዲስ ሐሳብ ተመዝግቧል» አለች አወያይ። «ምድር። ተቃውሞ ያለው ቤት አለ?»

አቶ ኢዮስያስ ከንፈሩን ነከሰ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«ተቃውሞ ያለው ቤት አለ?»

ወይዘሮ ሶልያና የአቶ ኢዮስያስን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እርሱን ለመያዝ ይሁን ራሷን ለመያዝ አላወቅሁም።

«ለመጨረሻ ጊዜ። ተቃውሞ ያለው ቤት አለ?»

ከጣራው የዝናብ ጠብታ ወደ ባልዲው ሲወርድ ሰማን።

«ስምምነት ተደርሷል። ጥድ አፋፍ ምድርን መርጧል። የነዋሪነት መብታችሁ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የጸና ነው። ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን» አለችና ሳጥኗ መብራቷን አጠፋች። ጠፍታ አይተናት ስለማናውቅ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየ።

ዓርብ ማለዳ በቧንቧው ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ። «ምድር» አልሁ፣ ለማንም። ከመኝታ ቤት ማራማዊት፣ «ሰማሁህ» አለችኝ።

በወይራ ማዶ ጣቢያ በሩ ገና በሩቅ ሲያየን ተከፈተ። «ባለቤት ሁለት። እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። ወይዘሮ ሃሴት ግን እንደ ሁልጊዜው መጥታ፣ መጎናጸፊያዋን ሳታወልቅ፣ እጇን ወደ ትከሻዬ ዘርግታ ነበር፤ በሩን ስትሰማ እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«ረሳሁት እኮ» አለች። «አሁን ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

እኔ እጅ የምይዝ ሰው አይደለሁም። የዘረጋችውን እጅ ይዤ ትከሻዬ ላይ አኖርሁት። «ለጠባዬ ዋስ አሁንም ያስፈልገኛል» አልኋት። ማራማዊት ይህን ቀልድ እስከ ማእከሉ ድረስ ስትስቅበት ሄደች። ወንበራችን ወደ ፊት የሚያይ ነበር፤ ከተማው ሲመጣ ማየት ያዞራል።

በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ቀያሿ መኪና መጣች። ሰው አልነበረባትም። በስድስት ቀጫጭን እግሮቿ እየተራመደች ግቢያችን ገባች፤ ሳሎናችንን ዞረች፤ በግድግዳው ሥር አንድ ቀይ ችካል ተክላ፣ «ለትብብርዎ እናመሰግናለን» ብላ ወጣች። ማራማዊት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትመለከተኝ ነበር። አቶ ኢዮስያስም ዕቃ ሊያወጣልን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

የብረት ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ከንድፉ ጋር አስተያየሁት።

«ምነው?» አለ ኢዮስያስ።

«ተሳስታለች።»

«በስንት?»

«በአርባ ሳንቲሜትር። መስመሩ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የመኝታ ቤቱም ግድግዳ ይሄዳል።»

«ታዲያ ዝም በል! ማን አየህ?» አለ ኢዮስያስ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ግቢው ከላይ እንዳይታይበት ሠላሳ አንድ ዓመት የተከራከረው ሰው።

ወደ መስኮቱ ቀና አልሁ።

«አልጋውን እናዞረዋለን» አለች ማራማዊት።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስጠበቁን፤ መጥተው ደግሞ የመጀመሪያውን ችካል እንኳ በቦታው መትከል አልቻሉም! ጎንበስ ብዬ ነቀልሁት፤ አርባ ሳንቲሜትር ለክቼ፣ ወደ አልጋችን አስጠግቼ፣ ቀጥ አድርጌ ተከልሁት።